ከ4 ሺህ ያልተነበቡ ኢሜይሎች መካከል አስፈላጊው የቱ ነው?

ስልክዎ ላይ ያለውን የኢሜይል ምልክት እስቲ ይመልከቱት። ጥጉ ላይ ያለችው ቀይ ቁጥር ስንት ትላለች? 300? ወይስ 4,000? ብዙዎቻችን ቁጥሯን ማየት ካቆምን ቆይተናል፤ ግድግዳ ላይ እንደቀረ የአምና ካላንደር ዓይናችን ለምዷታል። ለነገሩ የአዲስ አበባ ሰው ወሬውን የሚያወራው በቴሌግራም ነው፤ የዕቁቡን ነገር በስልክ ይጨርሳል፤ የሠርግ ጥሪ እንኳን ዛሬ ዛሬ በፎቶ ይላካል። ኢሜይል ከመሥሪያ ቤት ውጭ «ሲያስፈልግ» ብቻ የሚከፈት ነገር ሆኗል።

ታዲያ ከስንት አንዴ ብንከፍተውም በዚያ በኩል የሚመጣው ነገር ቀላል አይደለም። የኤምባሲ ቀጠሮ፣ የስኮላርሺፕ መልስ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ጥሪ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የባንክ መግለጫ፣ የልጆች ትምህርት ቤት የክፍያ ማሳሰቢያ የሚመጡት በኢሜይል ነው። እነዚህ ሁሉ ከጫማ ቅናሽ፣ ከሆቴል ማስታወቂያ፣ አንዴ ተመዝግበን ከረሳናቸው አፖች ሰላምታ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይወድቃሉ።

ባለፈው ዓመት የአንዲት ጎረቤቴ ልጅ ውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ አመልክታ መልሱን ስትጠብቅ ከረመች። በየቀኑ ኢንቦክሷን ታያለች፤ የለም። መልሱ ግን መጥቶ ነበር። ስፓም የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ በሁለት ማስታወቂያዎች መካከል ተቀምጦ «በ10 ቀን ውስጥ ቦታውን መቀበልሽን አረጋግጪ» ይላል። ያገኘችው በ12ኛው ቀን ነው፤ ቦታው ለተጠባባቂ ተላልፏል። ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ ዝንጉም አይደለችም፤ ሌላም ቦታ ማየት እንዳለባት ግን የነገራት ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ነገር ለመከላከል አዲስ አፕ መጫን ወይም ገንዘብ መክፈል አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልገው ነገር አሁን በእጅዎ ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ከዚህ በታች በብዛት የማነሳው ጂሜይልን ነው፤ የአንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እሱን ይጠቀማልና። አውትሉክ ወይም የአይፎኑን ሜይል የሚጠቀሙ ከሆነም አብዛኛው ነገር በሌላ ስም እዚያም አለ።

ማስታወቂያውን የምንልከው እኛ ነን

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። እነዚያን የሚያሰለቹ ኢሜይሎች ከሚልኩት ሰዎች አንዷ ነኝ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከወዲያኛው ወገን ሆኖ ምን እንደሚታይ ልንገርዎ።

የምንልከው ኢሜይል ውስጥ ብዙ ጊዜ በዓይን የማትታይ፣ ነጥብ የምታህል ምስል አለች። መልእክቱን ሲከፍቱ ምስሏ ከእኛ ዘንድ ትጠራለች፤ እኛም መክፈትዎን እናውቃለን። ደጋግሞ የሚከፍት ሰው «ፍላጎት ያለው» ተብሎ ይመዘገብና ይበልጥ ይላክለታል። ሳይከፍቱ መሰረዝ ደግሞ ለእኛ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። በየቀኑ ቁጭ ብለው 20 ማስታወቂያ ቢሰርዙ ነገም 20 ይመጣል፤ ዝርዝሩ ላይ ስምዎ አለና።

የሚሠራው መንገድ ከዝርዝሩ መውጣት ነው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጎግል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልኩ ድርጅቶች በማስታወቂያቸው ላይ በአንድ ንክኪ መውጫ እንዲያስቀምጡና የተጠየቁትንም በ2 ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ አስገድዷል። እኛ ቢሮ ይህ ሕግ ሲመጣ ብዙ ሰው አጉረምርሟል፤ እንደ አንድ ኢሜይል ተቀባይ ግን ደስ ብሎኛል። መልእክቱን ሲከፍቱ ከላኪው ስም አጠገብ «አንሰብስክራይብ» የሚል ቃል ያያሉ፤ እሱን ይንኩ። ከ2025 አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ከዚህም የቀለለ መንገድ መጥቷል። በጂሜይል አፕ ላይ በግራ በኩል ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች ሲነኩ በሚወርደው ዝርዝር ውስጥ «ማኔጅ ሰብስክሪፕሽንስ» የሚል አለ። ማን በቅርቡ ስንት መልእክት እንደላከልዎት ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሮ ያሳይዎታል። ቡና እየጠጡ ከላይ ያሉትን አሥሩን ብቻ ቢያስወጡ ልዩነቱን በሳምንቱ ያዩታል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ላኪውን ጨርሶ የማያውቁት ከሆነ፣ መልእክቱ ውስጥ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን መውጫ አይንኩ። አጭበርባሪ ከሆነ «ይህ አድራሻ ሰው አለበት» ብለው እንደነገሩት ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ከላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች ገብተው «ሪፖርት ስፓም» ይበሉት። ይህች ቁልፍ ከሚያስቡት በላይ ጉልበት አላት፤ ጎግል ላኪዎችን ስፓም የሚላችሁ ሰው ከ1,000 መልእክት 3 እንዳይደርስ ይላቸዋል። እኛም የምንፈራት እሷን ነው።

ሳጥኑ የእርስዎን ቤት አያውቅም

ጂሜይል መልእክቶችን «ፕራይመሪ»፣ «ፕሮሞሽንስ»፣ «ሶሻል» እና «አፕዴትስ» እያለ መክፈል የጀመረው በ2013 ነው። አውትሉክም ኢንቦክሱን ለሁለት የሚከፍል «ፎከስድ» የሚባል ነገር አለው፤ የአይፎኑ ሜይልም በ2024 መጨረሻ ተመሳሳይ ነገር ጨምሯል። ክፍፍሉ በአብዛኛው ትክክል ነው። ነገር ግን የሚገምተው ማሽን ነው፤ የመልእክቱን አጻጻፍ፣ ለስንት ሰው እንደተላከ፣ ሌሎች ሰዎች ምን እንዳደረጉበት አይቶ ይፈርዳል። የልጅዎ ትምህርት ቤት ለ600 ወላጅ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ባለ ሥዕል አድርጎ ሲልክ፣ ለማሽኑ ከጫማ ማስታወቂያ ብዙም አይለይም።

ስለዚህ ማስተማር ያስፈልጋል። «ፕሮሞሽንስ» ውስጥ የገባ የትምህርት ቤት ወይም የባንክ መልእክት ካገኙ ሦስቱን ነጥቦች ነክተው ወደ «ፕራይመሪ» ያዛውሩት። በኮምፒውተር ከሆነ መልእክቱን ጎትተው ወደ «ፕራይመሪ» ሲጥሉት «ከዚህ ላኪ የሚመጣውን ሁሉ እንዲህ ላድርግ?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ አዎ ይበሉት። የላኪውን አድራሻ ኮንታክት ውስጥ ማስገባትም ይረዳል።

ስፓም ፎልደሩን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ይጎብኙት። ጂሜይል ስፓም ውስጥ ያለን ነገር ከ30 ቀን በኋላ በራሱ ያጠፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢፈልጉት የለም። ቪዛ፣ ትምህርት ወይም ሥራ አመልክተው መልስ የሚጠብቁ ከሆነ ግን በሳምንት አንዴ አይበቃም፤ በየቀኑ ይመልከቱ። የእርስዎ ሆኖ ካገኙት «ኖት ስፓም» የሚለውን ይንኩ፤ ቀጣዩ መልእክት ወደ ኢንቦክስ የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል።

ከሁሉም በላይ ቤተሰብ ላለው ሰው የሚጠቅመው ግን ፊልተር የሚባለው ነው። እንዲያውም ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይሞክሩ ብባል ይህን እመርጥልዎታለሁ። በስልኩ አፕ ላይ አይሠራም፤ አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለብዎት። ጂሜይልን ይክፈቱና በላይኛው የመፈለጊያ ሳጥን ቀኝ ጫፍ ላይ ያለችውን ምልክት ይንኩ፤ ፎርም ይከፈታል። «ፍሮም» በሚለው ላይ የትምህርት ቤቱን አድራሻ ያስገቡ። ከርዕሰ መምህሯም፣ ከሂሳብ ክፍሉም የሚመጣውን ሁሉ እንዲይዝልዎ ከፈለጉ ከ«አት» ምልክቱ በኋላ ያለውን ክፍል ብቻ መጻፍ ይችላሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ትምህርት ቤቱ የራሱ የኢሜይል አድራሻ ካለው ነው፣ እንደኛው ተራ ጂሜይል የሚጠቀም ከሆነ ሙሉ አድራሻውን ያስገቡ። ከዚያ «ክሪኤት ፊልተር» የሚለውን ሲነኩ ምን ላድርግ ብሎ ምርጫ ይሰጥዎታል። ሦስቱን ይምረጡ፦ በፍጹም ወደ ስፓም እንዳይልከው፣ ሁልጊዜ አስፈላጊ ብሎ ምልክት እንዲያደርግበት፣ «ትምህርት ቤት» የሚል ሌብል እንዲለጥፍበት። ሌብሉን በአማርኛ መጻፍ ይችላሉ።

አራተኛ ምርጫም አለ፤ መልእክቱ ሲደርስ ቅጂውን ወደ ሌላ አድራሻ ማስተላለፍ። የባለቤትዎን ኢሜይል አስቀድመው አስገብተው እሳቸው በተላከላቸው ኮድ ካረጋገጡ፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ነገር ሁሉ ለሁለታችሁም ይደርሳል። በብዙ ቤት የልጆቹ የትምህርት ቤት ጉዳይ የሚመጣው በእናት ኢሜይል ብቻ ነው። አባት የወላጆች ስብሰባ መኖሩን የሚሰማው በዋዜማው ማታ ነው፤ ከዚያ «ለምን አልነገርሽኝም?» ይመጣል። ይህቺ ፊልተር ያንን ጭቅጭቅ ባታጠፋው እንኳን ምክንያት ታሳጣዋለች።

እግረ መንገዴን፦ ለልጅዎ ትምህርት ቤት፣ ለባንክና ለሆስፒታል የመሥሪያ ቤትዎን ኢሜይል አይስጡ። ሥራ የለቀቁ ዕለት አድራሻው ይዘጋል፤ የልጅዎ የክፍያ ማሳሰቢያም አብሮ ይቀራል።

ስልኩ መቼ ይጩህ?

ለእያንዳንዱ ኢሜይል የሚጮህ ስልክ ቶሎ ይሰለቻል፤ ሰውም ድምፁን ጨርሶ ያጠፋዋል። መካከለኛ መንገድ አለ። በጂሜይል «ሴቲንግስ» ገብተው አድራሻዎን ነክተው «ኖቲፊኬሽንስ» ላይ «ሃይ ፕራዮሪቲ ኦንሊ» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ ወዲህ የሚጮኸው አስፈላጊ ለተባለው ብቻ ነው። ቅድም በፊልተሩ የትምህርት ቤቱን መልእክት «አስፈላጊ» ያስባልነውም ለዚሁ ነው።

የእኛ 2 ሰዓትና የስልኩ 8 ሰዓት

ማታ ከልጆች ጋር እራት እየበሉ የመብራት ሒሳብ ማሳሰቢያ ቢመጣ ምን ያደርጋሉ? ከፍተው አይተው ይተዉታል፤ ከዚያ «የተነበበ» ሆኖ ይቀበራል። «ስኑዝ» የተሠራው ለዚህ ነው። መልእክቱን ጠዋት ይዘህልኝ ና ይሉታል፤ ከኢንቦክስ ይጠፋና በቀጠሩት ሰዓት እንደ አዲስ ከላይ ይመጣል። እኔ የምከፍላቸውን ነገሮች ሁሉ ደመወዝ የሚገባበት ቀን ላይ ነው የምቀጥራቸው።

«ስኬጁል ሴንድ» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አሁን ጽፈው ነገ እንዲሄድ ያደርጋሉ። ከ2019 ጀምሮ አለ፤ ከመላኪያዋ ቀስት አጠገብ ባሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ያገኙታል። አንዴ ከተቀጠረ በኋላ የሚልከው የጎግል ኮምፒውተር ስለሆነ፣ በሰዓቱ ስልክዎ ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ባይኖር እንኳን መልእክቱ ይሄዳል። ዋሽንግተን ላለች እህትዎ ሰነድ የሚልኩ ከሆነ፣ በበጋቸው ወራት በእኛና በእነሱ መካከል የ7 ሰዓት ልዩነት አለ፤ በክረምታቸው 8 ይሆናል። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስንልክ እሷ እኩለ ሌሊት አልፎ ተኝታለች፤ መልእክቱም ስትነሳ ከሌሎች ሥር ይሆናል። በእኛ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ እንዲሄድ ቢቀጥሩት በበጋ እሷ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። 8፡00 ኤኤም ሲል የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የእኛን ማታ 1 ሰዓት ከፈለጉ 7፡00 ፒኤም ይምረጡ። 6 ሰዓት መጨመርና መቀነስ ከሕፃንነታችን የምናውቀው ቢሆንም፣ በኢሜይል የመጣ ቀጠሮ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኤምባሲ ቀጠሮ 8፡30 ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ላይ የሄደ ሰው ሌላ ቀጠሮ ይጠብቃል። ቀኑም እንዲሁ ነው። 09/11 ተብሎ ቢጻፍ አሜሪካዊው ሴፕቴምበር 11 ማለቱ ነው፤ መስከረም 1፣ ዕንቁጣጣሽ። አውሮፓዊው ከጻፈው ግን ኖቬምበር 9 ነው። ወሩ በፊደል ካልተጻፈ መልሰው ይጠይቁ።

የላኩትን ለመመለስም ትንሽ ጊዜ አለዎት። ልክ እንደላኩ በስክሪኑ ግርጌ «መልስ» የምትል ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ትታያለች። በኮምፒውተር ሴቲንግስ ውስጥ እስከ 30 ሰከንድ ማራዘም ይቻላል፤ ያራዝሙት።

ሳጥኑ ሲሞላ

ጎግል በነጻ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው። ይህ ግን ለኢሜይል ብቻ አይደለም፤ ጎግል ፎቶስ ላይ የሚቀመጡት የልደትና የጥምቀት ፎቶዎች፣ ድራይቭ ላይ ያሉ ፋይሎች፣ በአንድሮይድ የዋትሳፕ ባክአፕም ሳይቀር ከዚያው ይቆረጣሉ። ሲሞላ የሚሆነውን ብዙ ሰው አያውቅም፤ አዲስ ኢሜይል መቀበል ያቆማል። የላከው ሰው መልእክቱ ይመለስበታል፤ እርስዎ ግን መላኩንም አያውቁም።

መፍትሔው ሺህ መልእክት አንድ በአንድ መሰረዝ አይደለም። ቅድም ፊልተር በሠራንበት የመፈለጊያ ፎርም ላይ «ሳይዝ» የሚል አለ፤ 10 ሜጋባይት ብለው ይፈልጉ። ድሮ የተላኩ ቪዲዮዎችና ከባድ ሰነዶች ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ጥቂቶቹን ቢያጠፉ ብዙ ቦታ ይለቀቃል። ትራሽ የሚባለውንም ባዶ ማድረግ አይርሱ፤ ያጠፉት እዚያ ሆኖ 30 ቀን ቦታ ይይዛል።

ማሽኑ ሲመልስልዎ

«አመሰግናለሁ፣ ደርሶኛል» ዓይነት አጫጭር መልሶችን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ የሚያቀርብልዎ «ስማርት ሪፕላይ» ለሥራ ኢሜይል ደህና ነው። አሁን ደግሞ ረጅም ደብዳቤን በሁለት መስመር የሚያሳጥሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶች መጥተዋል። ጊዜ ይቆጥባሉ። ቀን፣ ሰዓትና የገንዘብ መጠን ያለበት ደብዳቤ ሲሆን ግን ዋናውን ይክፈቱ፤ ማሳጠሪያው አንዲት ቁጥር ቢዘል የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

ማጭበርበርንም ለማሽኑ ብቻ አይተዉት። ስፓም ማጣሪያው አብዛኛውን ይይዛል፤ ግን አንዳንዱ ያመልጠዋል፤ የሚያመልጠው ደግሞ ልብ የሚነካው ነው። «ዲቪ ደርሶዎታል፣ ለማስኬጃ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የአሜሪካ መንግሥት ዲቪ ለደረሰው ሰው «ደርሶሃል» ብሎ በኢሜይል አይነግርም፤ አመልካቹ ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ ኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ላይ ያያል። ይህን ለወላጆችዎም ይንገሯቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚታለሉት ለልጃቸው ሲሉ ነው።

የእናትዎ ኢሜይል የማን ነው?

ስለ ወላጆች ካነሳን አይቀር፣ የእናትዎ ወይም የአባትዎ ስልክ ላይ ያለውን ኢሜይል ማን ከፈተው? በብዙ ቤት መልሱ «ስልኩን የሸጠልን ልጅ» ነው። ፓስወርዱን አያውቁትም፤ ማገገሚያው ስልክ ቁጥር የልጁ ሊሆን ይችላል፤ ስማቸውም በቁጥርና በማይነበብ ፊደል የተቀጣጠለ ነው። ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ የልጅ ልጆቹ ፎቶ፣ የስልክ ቁጥሩ ሁሉ፣ ውጭ ያለው ልጅ የላከው ሰነድ አብሮ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ጎግል 2 ዓመት ሙሉ ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊያጠፋ እንደሚችል አሳውቆ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። ድሮ የከፈቱትና ፎቶ ያስቀመጡበት ሌላ ኢሜይል ካለዎት አሁኑኑ ይግቡበትና አንድ መልእክት ከፍተው ያንብቡ፤ ይህ ብቻውን እንደ አገልግሎት ይቆጠራል።

ለወላጆችዎ ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ ሲሄዱ ስልኩን ተቀብለው «ጎግል አካውንት» ውስጥ «ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ይክፈቱ። የማገገሚያ ስልኩን በእርስዎ ወይም በእሳቸው ቁጥር ይተኩ፣ ፓስወርዱን ይቀይሩ፣ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። አዲሱን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጽፈው መታወቂያና የቤት ካርታ ከሚቀመጥበት ቦታ ያኑሩት። የድሮውን ፓስወርድ ማንም የማያውቀው ከሆነም፣ ስልኩ ገና ክፍት እያለ ብዙ ጊዜ በስክሪን መክፈቻው ኮድ ማስተካከል ስለሚቻል፣ ስልኩ ሳይሰበር ቢያደርጉት ይሻላል።